ከዒላማው በስተጀርባ ያለው

በረጅም ርቀት የዒላማ ተኩስ ሜዳ ላይ ጀማሪ ተኳሽ የመጀመሪያዋን ጥይት ከመተኮሱ በፊት አራት ሕጎችን በቃሉ ይይዛል። ማንኛውም ጠመንጃ ጥይት እንደጎረሰ ተቆጥሮ ይያዛል፤ አፈሙዙ እንዲመታ ወደማይፈለግ ነገር ፈጽሞ አይዞርም፤ ተኳሹ ለመተኮስ እስኪወስን ድረስ ጣቱ ምላጩን አይነካም፤ በመጨረሻም ተኳሹ ዒላማውንና ከዒላማው በስተጀርባ ያለውን ሁሉ ማወቅ አለበት። የፊተኞቹን ሦስቱን እጅ በልምምድ ይማራቸዋል፤ አራተኛው ግን ሕሊናን ይጠይቃል። ጥይት ዒላማውን ከበሳ በኋላም ጉዞውን አያቆምምና፣ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የአፈር ቁልል ይሁን የሰው መንደር ተኳሹ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

ይህ አራተኛ ሕግ በጅዳና በመካ ለሚኖሩ፣ ልባቸው ግን በወሎ፣ በሸዋ፣ በጎንደርና በጅማ ለሚያድር አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች የሚናገረው ነገር አለ። ጠመንጃ በአገር ቤት የክብር ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ጥሩ ተኳሽ ይወደሳል፤ በሠርግና በለቅሶ ጥይት ወደ ሰማይ ይለቀቃል። ባለፉት የግጭት ዓመታት ደግሞ «አነጣጥሮ ተኳሽ» የሚለው ስም በብዙ ቤት ከሐዘን ወሬ ጋር ተቆራኝቷል። ስለሆነም የዒላማ ተኩስ ምን እንደሆነ፣ ሃይማኖት ስለ እርሱ ምን እንዳለና ክብሩ ከየት እንደሚጀምር ማስታወስ ተገቢ ነው።

የረጅም ርቀት ተኩስ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥትን የሚፈትን ስፖርት ነው። ተኳሹ በደረቱ ተኝቶ ሰደፉን ከትከሻው ያስጠጋል፤ ትንፋሹን ያረጋጋል፤ ከዚያም ንፋሱን ማንበብ ይጀምራል። በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ ላለ ዒላማ የሚተኮስ የተለመደ የውድድር ጥይት ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥም የምድር ስበት ከ10 ሜትር በላይ ወደ ታች ይጎትተዋል። ከጎን የሚመጣ መጠነኛ ንፋስ ሁለት ሜትር ያህል ከመስመሩ ሊያወጣው ይችላል። እንደ ጅዳ ባለ ሞቃት አገር ደግሞ ከመሬት የሚነሣው ትኩሳት አየሩን ያወዛውዘዋል፤ በማነጣጠሪያው መነጽር ውስጥ ዒላማው ካለበት ቦታ ሌላ ቦታ ላይ ያለ መስሎ ይታያል። ዐይን ያየው ሁሉ እውነት አለመሆኑን የሚያውቅ ተኳሽ ብቻ በዚህ ስፖርት ይዘልቃል።

የስሕተትን ዋጋ ርቀት ያበዛዋል። የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ክፍል የሆነች ስሕተት በ100 ሜትር ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ናት፤ በ1,000 ሜትር ላይ ግን 29 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ሙሉ አንድ ዲግሪ የሳተ ጥይት በዚያው ርቀት 17 ሜትር ከዒላማው ይርቃል። ከእጅ አጠገብ ያለን ነገር የሚመታ ሰው ጥፋቱን ወዲያው አይቶ ያርማል፤ ከሩቅ የሚተኩስ ሰው ግን የሠራውን የሚያውቀው ነገሩ ካበቃ በኋላ ነው።

የዚህ ስፖርት ታሪክ አንድ የሚገርም ምሳሌ ትቶ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1874 በኒው ዮርክ አቅራቢያ በክሪድሙር ሜዳ የአየርላንድና የአሜሪካ ተኳሾች በ800፣ በ900 እና በ1,000 ያርድ ርቀት ተወዳደሩ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቦ በተመለከተው በዚያ ውድድር አሜሪካውያኑ 934 ለ931 በሆነ ውጤት አሸነፉ። የሦስት ነጥብ ልዩነት ነው። ከአየርላንዳውያኑ አንዱ በውድድሩ መካከል የተኮሳት ጥይት የዒላማውን ልብ መትታ ነበር፤ ዳሩ ግን የተመታው የጎረቤቱ ዒላማ በመሆኑ ዜሮ ተጻፈለት። አራት ነጥብ የምታስገኝ ጥይት ነበረች። እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ ዐይኑም አልፈዘዘም፤ የሳተው የሚተኩሰው ምን ላይ እንደሆነ በማወቁ ላይ ነበር።

የዐረቡ ዓለም ወጣቶችም በተኩስ ስፖርት ስማቸውን አስጠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ አህመድ ቢን ሐሽር አል-መክቱም በሚበርር የሸክላ ዒላማ ውድድር ለተባበሩት የዐረብ ኤሚሬትስ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ፣ ያውም ወርቁን፣ አስገኝቷል። በ2012 በለንደን ኩዌታዊው ፉሀይድ አል-ደይሃኒና ኳታራዊው ናስር አል-ዐጢያህ የነሐስ ሜዳሊያ ወስደዋል፤ አል-ደይሃኒ በ2016 በሪዮ ወርቅ ደግሟል። የሳዑዲ ዐረቢያው ሰዒድ አል-ሙጠይሪ ዕድሜው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ተሰልፏል። በ2024 በፓሪስ ደግሞ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ከኪሱ ከትቶ በተራ መነጽር በአየር ሽጉጥ የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ ዓለም በአድናቆት ተመልክቶታል። እነዚህ ሁሉ የተኮሱት ሸክላና ወረቀት ላይ ነው። በእነርሱ ድል ያዘነ እናት የለም።

እስልምና ይህን ክህሎት አክብሮታል። ቡኻሪ ከዘገቧቸው ሐዲሦች በአንዱ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ልጃቸውን ኢስማዒልን (ዐ.ሰ.) ፍለጋ ወደ መካ በመጡ ጊዜ ያገኟቸው በዘምዘም አቅራቢያ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ቀስት ሲያሾሉ ነበር። አባትና ልጅ ከተቃቀፉ በኋላ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) በዚያ ስፍራ ቤት እንዲሠሩ መታዘዛቸውን ነገሯቸው፤ ኢስማዒልም (ዐ.ሰ.) ድንጋይ ማቀበል ጀመሩ። ካዕባ በአንድ ቀስተኛ እጅ ጭምር ተሠራ ማለት ነው። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ከአስለም ነገድ የሆኑ ሰዎች ቀስት በመወርወር ሲፎካከሩ ባገኟቸው ጊዜ አባታቸው ኢስማዒል ቀስተኛ እንደነበሩ አስታውሰው አበረታቷቸዋል። ለአንዱ ወገን እንደሚያደሉ ሲናገሩ ሌላው ወገን መወርወሩን ቢያቆም፣ ከሁሉም ጋር መሆናቸውን ገልጸው ጨዋታው እንዲቀጥል አድርገዋል። ዑቅባ ኢብን ዓሚር (ረ.ዐ.) በዘገቡትና ሙስሊም በመዘገቡት ሐዲሥ ደግሞ ቁርኣን ያዘዘውን የኃይል ዝግጅት በዒላማ ውርወራ ተርጉመውታል።

ይህን ክብር የሚጠቅስ ሰው ሁሉ ግን ከዚያው ምንጭ የመጡትን ገደቦች አብሮ ሊጠቅስ ግድ ይለዋል። ቀስት ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ ታዟል። ወደ ወንድሙ በብረት የሚያመለክት ሰው፣ ለቀልድም ቢሆን፣ በብርቱ ተወግዟል። አብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) የቁረይሽ ወጣቶች ወፍ አስረው ዒላማ ሲያደርጉ ባዩ ጊዜ፣ ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርግ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንደበት የተረገመ መሆኑን ነግረዋቸዋል። በዛሬው የተኩስ ሜዳ በየግድግዳው የሚለጠፉት ሕጎች ከእነዚህ ትእዛዛት ጋር ሲነጻጸሩ መንፈሳቸው አንድ ነው። ስለቱ ይሸፈን፤ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር፤ ዒላማው ነፍስ የሌለው ይሁን።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሐበሻ ሰው ሁለት ጊዜ ጎልቶ ይታያል፤ ሁለቱም ጊዜ በእጁ ጦር ይዟል። የመጀመሪያው በመዲና በዒድ ቀን ነው። ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ፣ እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትከሻ ኋላ ሆነው እስኪጠግቡ ተመልክተዋቸዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) ሊያስቆሟቸው ቢፈልጉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተዋቸው ብለዋል። የጦር ክህሎት በተቀደሰ ቦታ፣ በበዓል ቀን፣ በሰላም ታየ፤ ማንም አልቆሰለም፤ ጨዋታውም እስከ ዛሬ ድረስ በፈገግታ ይወሳል።

ሁለተኛው ወሕሺ ኢብን ሐርብ ነው። በመካ የጁበይር ኢብን ሙጥዒም ባሪያ የነበረው ይህ ሐበሻ ጦርን በአገሩ ልማድ ከሩቅ ይወረውር ነበር፤ የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ብዙም አይስትም። የጌታው አጎት በበድር ተገድሎ ስለነበር፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት ሐምዛን (ረ.ዐ.) ከገደለ ነጻ እንደሚወጣ ቃል ተገባለት። በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ625፣ በኡሑድ ጦርነት ወሕሺ ከድንጋይ ሥር አድፍጦ ጠበቀ። ከማንም ጋር ሊዋጋ አልመጣም፤ የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሐምዛ (ረ.ዐ.) በቀረቡ ጊዜ ጦሩን ወረወረ፤ አልሳተም።

ወሕሺ በዚያች አንዲት ውርወራ ነጻነቱን አገኘ። ዒላማውን ያውቀው ነበር፤ ከዒላማው በስተጀርባ ያለውን ግን የተረዳው ዘግይቶ ነው። መካ በተከፈተች ጊዜ ወደ ጣኢፍ ሸሸ፤ በኋላም ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሄዶ ሰለመ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስልምናውን ተቀበሉት፤ አልተበቀሉትም። ነገር ግን ሐምዛን እንዴት እንደገደለ ከራሱ አፍ ከሰሙ በኋላ፣ ቢችል ፊቱን ከእርሳቸው እንዲሰውር ጠየቁት። ይቅርታው ሙሉ ነበር፤ ሐዘኑም ነበር። ወሕሺ እርሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ከዐይናቸው ራቀ። ከዚያም በየማማ ጦርነት በዚያችው ጦር ሐሰተኛውን ነቢይ ሙሰይሊማን ወጋ፤ ከሰው ሁሉ ምርጡን በገደለበት መሣሪያ ከሰው ሁሉ ክፉውን መግደሉን እየተናገረም በሒምስ አረጀ። ወሕሺ በሕይወቱ ማብቂያ ይሰጠው የነበረው ታሪክ የጀግንነት ፉከራ አይመስልም፤ ሁለቱን ውርወራዎች በሚዛን ላይ አስቀምጦ የሚመለከት ሰው ንግግር ነው። ለሐበሻ ሙስሊም ከዚህ የበለጠ የዒላማ ትምህርት አይገኝም። እጁ ያልሳተ ሰው ዕድሜውን በሙሉ የተሸከመው ከዒላማው ጀርባ የነበረውን የአንድ ቤተሰብ ሐዘን ነበርና።

ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በቁርኣን ማስቀመጫ ቅርጽ የተሠራውን ግዙፍ በር ያላለፈ የአገር ልጅ ጥቂት ነው። ከሐረሙ ወሰን ሲገባ አደን ይከለከላል፤ አውሬው ከተጠለለበት አይባረርም፤ በራሱ የበቀለ ዛፍ አይቆረጥም። ኢሕራም የለበሰ ሰው ደግሞ የትም ቢሆን የየብስ አውሬ አያድንም። ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ እንደሚያስተምረው ፈተናው የሚመጣው አውሬው በእጅና በጦር ሊደረስበት በሚችልበት ጊዜ ነው። ዒላማው ሲርቅ መተው ቀላል ነው፤ ዒላማው ቀርቦ፣ መሣሪያው ተዘጋጅቶ፣ ከልካይ ዐይን ሳይኖር መተው ግን አላህን በስውር የሚፈራ ሰው ምልክት ነው። የሐረም እርግቦች በሰው እግር መካከል ሳይፈሩ የሚለቅሙት በዚህ ክልከላ ጥላ ሥር ስለሚኖሩ ነው።

ይህ ክልከላ የተጣሰበትን ቀን ዕድሜያቸው የገፋ የመካ ነዋሪዎች አይረሱትም። በ1400 ዓመተ ሂጅራ በሙሐረም የመጀመሪያ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1979፣ የታጠቁ ሰዎች ታላቁን መስጊድ በኃይል ያዙ። አነጣጥረው የሚተኩሱ ሰዎችን በሚናራዎቹ ላይ አወጡ። አዛን የሚሰማበት ከፍታ ጠመንጃ የሚነጣጠርበት ሆነ። ጠዋፍ ተቋረጠ፤ መስጊዱ ነጻ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ከ100 በላይ የጸጥታ ኃይል አባላት ሕይወታቸውን ሰጡ። እነዚያ ተኳሾች ጥሩ ዐይንና የተረጋጋ እጅ ነበራቸው። ሃይማኖትን እናድሳለን ይሉ ነበር። ወፍ የማይነካበትን ስፍራ ግን በሰው ደም አጠቡት። ትክክለኛ ተኩስና ትክክለኛ ዓላማ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር ክስተት ማግኘት ይከብዳል።

ነገሩን ወደ አገር ቤት ስንመልሰው፣ በሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚለቀቀው ጥይት አራተኛውን ሕግ ሙሉ በሙሉ የሚጥስ ተኩስ ነው። ዒላማ የለውም፤ በስተጀርባው ያለውንም ማንም አያውቅም። የጠመንጃ ጥይት አጋድሎ ወደ ሰማይ ሲተኮስ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሊወድቅ ይችላል፤ ሲወድቅም የመግደል ኃይሉን ይዞ ነው። የሚወድቅበት ቦታ እርሻ ሊሆን ይችላል፤ የውኃ መቅጃ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን የተኛችበት የቆርቆሮ ጣሪያም ሊሆን ይችላል። ተኳሹ በሙሽራው ድንኳን ፊት እየጨፈረ ሳለ በሌላ መንደር ለቅሶ ይጀመራል፤ ማን እንደገደለ እንኳ ላይታወቅ ይችላል። በአላህ ዘንድ ግን የማይታወቅ ነገር የለም። በሳዑዲ ዐረቢያ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል፤ በኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። ሕጉ ያለው በወረቀት ላይ ነው፤ በሠርጉ ቀን የሚያስፈጽመው ግን የቤተሰቡ ሽማግሌ ነው።

እዚህ ላይ በጅዳና በመካ ያለው ወገን ድምፅ አለው። በአገር ቤት የሚደገሰው የብዙው ሠርግ ወጪ ከዚህ በላብ ከተገኘ ሪያል የሚላክ ነው። በሰው ቤት ስታገለግል የዋለች እኅት፣ ሌሊቱን በጥበቃ ያሳለፈ ወንድም፣ የላኩት ገንዘብ በሬ ይገዛል፤ ድንኳን ያስተክላል። ከዚያ ገንዘብ አንዲት ሪያል እንኳ ለጥይት እንዳትውል ቃል ማስገባት መብታቸው ነው፤ ኃላፊነታቸውም ነው። ገንዘብ ላኪው «ተኩስ ካለ እኔ የለሁበትም» ቢል ሠርጉ አይጎድልበትም። ነሺዳው፣ ድቤውና የእናቶች እልልታ ለደስታ ከበቂ በላይ ነው።

ሌላም የረጅም ርቀት መሣሪያ በየሰው ኪስ አለ። ከጅዳ እስከ ደሴ በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በስልክ የተላከ ድምፅ ግን ይህን ርቀት በቅጽበት ያቋርጠዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከሩቅ ተቀምጦ «በለው» የሚል ሰው ቃሉ የት እንደሚያርፍ አያይም። በአገር ቤት የጎረቤት ልጆች እርስ በርስ ሲፋለሙ እርሱ ሻይ እየጠጣ ነው። ርቀት ስሕተትን እንደሚያበዛ የተኩስ ሜዳው ያስተምራል፤ በምላስም ላይ ሕጉ ይኸው ነው። በሩቅ ያለ ሰው ሁኔታውን በትኩሳት እንደሚወዛወዝ ዒላማ አዛብቶ ያየዋልና፣ ከቅርቡ ሰው ይልቅ ሊታገሥ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ወጣቶችን ከዒላማ ስፖርት ለማራቅ አይደለም። በሕግ በተፈቀደ ክበብ፣ በአሠልጣኝ ፊት፣ በቀስትም ሆነ በአየር ጠመንጃ መለማመድ ትዕግሥትን፣ የትንፋሽ ቁጥጥርንና ጥንቃቄን ያስተምራል። በሥርዓት በሚመራ የተኩስ ሜዳ ላይ አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው፣ ትናንት የመጣ ጀማሪም ቢሆን፣ «ተኩስ አቁም!» ብሎ መጮኽ ይችላል፤ ሻምፒዮኑም ያለ ክርክር መሣሪያውን ያወርዳል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ለስፖርት ሜዳ ብቻ የሚቀር አይደለም። በሠርግ ድንኳን፣ በመንደር ሸንጎ፣ በስልክ ላይ ውይይትም «አቁም!» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ ተናጋሪው ታናሽ ነው፣ ሴት ናት፣ እንግዳ ነው ሳይባል አፈሙዝ መውረድ አለበት።

ኢስማዒል (ዐ.ሰ.) በዘምዘም አጠገብ ቀስት ያሾሉ ነበር፤ አባታቸው ሲጠሯቸው ግን ቀስቱን አስቀምጠው ድንጋይ አቀበሉ። ቀስታቸው የት እንደ ደረሰ ዛሬ ማንም አይጠይቅም። ያነሡት ድንጋይ ግን የሙስሊም ሁሉ ቂብላ ሆኖ ቆሟል፤ ከጅዳ ወደ ምሥራቅ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሰግድ ሰው ሁሉ በቀን አምስት ጊዜ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። አማኝ ከዚህ የበለጠ ዒላማ የለውም፤ ወደዚህ ዒላማ የቆመ ሰውም በመካከሉ ያለውን ሰው ሁሉ ወንድሙ አድርጎ ማየት ይጠበቅበታል።